ግራናይት ሲቦረቦር የከርሰ ምድር ውሃው ለምን ይለወጣል?

ስዊድን ያገለገለ የኒውክሌር ነዳጇን የምትቀብርበትን ጥልቅ ማከማቻ በጃንዋሪ 2025 መገንባት ጀምራለች (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ቦታው ከስቶክሆልም በስተሰሜን በባሕር ዳር ያለችው ፎርስማርክ ናት። ወደ 12,000 ቶን የሚጠጋ ነዳጅ በ6,000 ገደማ የመዳብ መያዣዎች ታሽጎ፣ 500 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ በግራናይት ውስጥ ይቀመጣል ተብሎ ታቅዷል። የመዳቡ ውፍረት 5 ሴንቲ ሜትር ነው። በመዳቡና በዓለቱ መካከል ያለው ክፍተት ቤንቶናይት በሚባል፣ ውሃ ሲነካው በሚያብጥ የሸክላ አፈር ይሞላል። ፊንላንድም ኦልኪሉኦቶ ላይ ተመሳሳይ ማከማቻ ቆፍራለች።

ስለዚህ ሥራ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ጨረር ነው። የከርሰ ምድር ባለሙያዎች ቀን ከሌት የሚከታተሉት ግን ውሃውን ነው። መዳቡን የሚበላ፣ ሸክላውን የሚያጥብ፣ መያዣው ቢያፈስ ደግሞ ያፈሰሰውን ይዞ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ችግሩ ውሃው ዋሻ ከመቆፈሩ በፊት የነበረውን ጠባይ ይዞ አይቆይም። ቁፋሮው ራሱ ይለውጠዋል። ምን ያህል? ወደየት? ለምን ያህል ጊዜ? ለዚህ መልስ ፍለጋ ስዊድን፣ ፊንላንድ፣ ስዊዘርላንድ፣ ካናዳና ጃፓን በጠንካራ ዓለት ውስጥ የምርምር ዋሻዎች ቆፍረዋል።

ብዙ ሰው የሚገምተው አየር ገብቶ ዓለቱን ያዝገዋል፣ ውሃውም በዚያው ይበላሻል ብሎ ነው። በተግባር የታየው ግን ሌላ ነው። ከለውጡ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ለሺህ ዓመታት ተራርቀው የኖሩ ውሃዎች ዋሻው ጠርቷቸው መገናኘታቸው ነው።

ድፍን ድንጋይ ውስጥ ውሃ ከየት መጣ?

ግራናይት በዋናነት ኳርትዝ፣ ፌልድስፓርና ሚካ የተባሉ ማዕድናት ተቆላልፈው የሠሩት ዓለት ነው። በማዕድናቱ መካከል ያለው ክፍት ቦታ ከአጠቃላይ ይዘቱ 1 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ውስጥ ያለው ውሃም ከነመኖሩ አይንቀሳቀስም ማለት ይቻላል። የሚሄደው ውሃ በስንጥቆች ውስጥ ያለው ነው። ስንጥቆቹ ደግሞ እኩል አይደሉም። አንዳንዱ በማዕድን ተደፍኗል፣ አንዳንዱ ከፀጉር የቀጠነ ነው፣ ጥቂቶቹ ብቻ ውሃ ያሳልፋሉ። ፎርስማርክ የተመረጠችበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው፦ ከ400 ሜትር በታች ውሃ ከሚያሳልፍ አንድ ስንጥቅ እስከ ቀጣዩ ድረስ በአማካይ ከ100 ሜትር በላይ ርቀት አለ።

ለኬሚስትሪው ከዓለቱ ይልቅ የስንጥቁ ግድግዳ ልባስ ይበልጣል። ግድግዳው ላይ ስስ ሆነው የተቀመጡ ካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን)፣ ክሎራይት (ብረት ያለው አረንጓዴ ማዕድን)፣ ሸክላና ፓይራይት (ብረትና ድኝ የተዋሐዱበት፣ ወርቅ የሚመስል ማዕድን) አሉ። ውሃው የሚነካው እነዚህን ነው። ካልሳይቱ አሲድ ሲመጣ እየሟሟ ያረግበዋል፤ ክሎራይቱና ፓይራይቱ ኦክስጅን ሲመጣ ይበሉታል።

ከመቆፈሩ በፊት ውሃው ምን ይመስል ነበር?

በደንብ የተጠናው ምሳሌ በደቡብ ምሥራቅ ስዊድን፣ ኦስካርስሃምን አጠገብ ያለው የኤስፖ የምርምር ዋሻ ነው። ከ1990 እስከ 1995 ተቆፈረ፤ ርዝመቱ 3.6 ኪሎ ሜትር፣ ጥልቀቱ 460 ሜትር ነው። ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ባለሙያዎች ከላይ ጉድጓድ ሰርስረው ውሃውን በየጥልቀቱ ስለለኩ፣ «ፊት እንዲህ ነበር፣ ኋላ እንዲህ ሆነ» ለማለት የሚያስችል መነሻ አለ። ይህ መነሻ የሌለው ፕሮጀክት በኋላ የሚያየውን ለውጥ ማስረዳት ያቅተዋል።

እዚያ የተገኘው ውሃ እንደ ታሪክ መዝገብ በድርብርብ የተቀመጠ ነው። ከላይ የዝናብና የበረዶ ውሃ አለ፤ ጨው የለውም፣ ባይካርቦኔት ይበዛዋል። ቀጥሎ የባልቲክ ባሕር ውሃና ከዛሬው ባልቲክ ይበልጥ ጨዋማ የነበረው የጥንቱ ሊቶሪና ባሕር ቅሪት ይገኛል። ከዚያ በመጨረሻው የበረዶ ዘመን ማብቂያ ላይ በግፊት ወደ ታች የገባ የበረዶ ግግር ቅላጭ አለ፤ በኦክስጅን አይሶቶፑ (ክብደታቸው በሚለያይ የኦክስጅን ዓይነቶች መጠን) ይለያል፤ በቀዝቃዛ ዘመን የዘነበ ውሃ ከባዱ ኦክስጅን ያንሰዋልና። ከሁሉ በታች ከባድ ጨዋማ ውሃ ተኝቷል። እዚያው አቅራቢያ ላክሰማር በተቆፈረ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ በሊትር 47 ግራም የሚደርስ ክሎራይድ (የጨው አንዱ ክፍል) ተገኝቷል፤ የውቅያኖስ ውሃ 19 ግራም ገደማ ነው ያለው፤ በኤስፖ አጠገብ ያለው ባልቲክ ደግሞ 3.5 ግራም ያህል።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን የለም። ዝናቡ ይዞት የገባውን በአፈርና በዓለቱ የላይኛው ክፍል ያሉ ባክቴሪያዎች ይጨርሱታል። ባለሙያዎች ይህን በአንድ ቁጥር ይገልጹታል፤ ሬዶክስ ይባላል፣ የሚለካው በሚሊቮልት ነው። ከዜሮ በላይ ከፍ ሲል ውሃው የማዝገት ኃይል አለው ማለት ነው፤ ከዜሮ በታች ሲወርድ ኦክስጅን የለም። በጥልቅ ግራናይት ውስጥ ከ150 እስከ 300 ሚሊቮልት ከዜሮ በታች መሆኑ የተለመደ ነው።

ዋሻው ሲከፈት ምን ይከሰታል?

ከመሬት በታች በየ10 ሜትሩ የውሃው ግፊት በ1 ባር ያህል ይጨምራል። 450 ሜትር ላይ ወደ 45 ባር ይደርሳል። የዋሻው አየር ግን 1 ባር ብቻ ነው። ስለዚህ ዋሻ ማለት በዙሪያው ያለ ውሃ ሁሉ ከየአቅጣጫው የሚጎርፍበት ፍሳሽ ነው። በኤስፖ በደቂቃ ከአንድ ሺህ ሊትር በላይ ውሃ ወደ ዋሻው ይገባ ነበር፤ ይህም ያለማቋረጥ በፓምፕ ይወጣል።

ከላይ ያለው ጨው አልባ ውሃ ወደ ታች ይወርዳል፣ የባሕሩ ውሃ ከጎን ይገባል፣ ከታች ያለው ከባድ ጨዋማ ውሃ ወደ ላይ ይነሳል። የመጨረሻው ለብዙ ሰው ግር ይላል፤ ከባድ ነገር እንዴት ወደ ላይ ይወጣል? ከጋን ጠላ የቀዳ ያውቀዋል። በቀስታ ካልተቀዳ ከታች የረጋው አተላ ተነሥቶ ከጠላው ጋር ይመጣል። ዋሻውም ከላዩ ያለውን ግፊት ሲያነሣ ከሥሩ ያለው ጨዋማ ውሃ ሽቅብ ይሳባል። ስለዚህ በአንድ ዋሻ ውስጥ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ጨው እያነሰው፣ በወለሉ ሰርስሮ የሚመጣው ደግሞ ጨዋማ እየሆነ ሊሄድ ይችላል። በጃፓን ሚዙናሚ፣ በቶኪ ግራናይት ውስጥ ሁለት ቀጥ ያሉ ጉድጓዶች 500 ሜትር ድረስ ሲወርዱም ይህ ታይቷል፦ በላይኛው ክፍል ክሎራይዱ ቀነሰ፣ በታችኛው ጨመረ።

የትኛው ውሃ በምን ያህል መጠን እንደተቀላቀለ የሚታወቀው በክሎራይድና በአይሶቶፕ ነው። ክሎራይድ ከማዕድናት ጋር እምብዛም አይዋሐድም፤ የገባው ይወጣል። ስለዚህ ቀላል ሒሳብ ይበቃል። ለምሳሌ በሊትር 6 ግራም ክሎራይድ የነበረው ውሃ ከጨው አልባ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ 1.5 ግራም ቢሆን፣ ሦስት አራተኛው አዲስ መጤ ነው ማለት ነው። የመጤው ዕድሜ ደግሞ በትሪቲየም ይታወቃል። ትሪቲየም በየ12.3 ዓመቱ በግማሽ የሚቀንስ የሃይድሮጅን ዓይነት ነው፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ የኒውክሌር ቦምብ ሙከራ በዝናብ ውስጥ በዝቶ ነበር። ጥልቅ ውሃ ውስጥ ትሪቲየም ከተገኘ፣ ያ ውሃ ወይም ከፊሉ በሰው ዕድሜ ውስጥ ከላይ የወረደ ነው።

ታዲያ ከላይ የሚወርደው ውሃ ኦክስጅን ይዞ አይገባም?

ይህ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ያሳሰበ ነበር። ዋሻው የላዩን ውሃ ወደ ታች ከሳበ ኦክስጅንም አብሮ ይወርዳል፣ ስንጥቁ ላይ ያለውን ፓይራይትና ክሎራይት ይጨርሳል፣ በኋላ መዳቡ ጋ የሚደርስ ኦክስጅን የሚያስቆመው አይኖርም የሚል ስጋት ነበር።

በኤስፖ ይህን ለመፈተሽ በ1991 የመግቢያው ዋሻ 70 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ አንድ የስብራት ቀጠና ሊያቋርጥ ሲል ባለሙያዎች ጠበቁት። ቀጠናው ተቆረጠ፤ በሦስት ሳምንት ገደማ ውስጥ ጨዋማው ውሃ ተገፍቶ የላዩ ውሃ መጣ። የኬሚስትሪ ሞዴሎቹ እንደተነበዩት ከሆነ ከዚህ በኋላ ኦክስጅን መምጣት ነበረበት። አልመጣም። የሟሟ ብረት በውሃው ውስጥ እንዳለ ቆየ፤ ኦክስጅን ቢኖር ብረቱ ዝጎ ይረጋ ነበር። ለሦስት ዓመት ያህል በተደረገው ክትትልም ቀጠናው ኦክስጅን አልባ ሆኖ ነው የዘለቀው።

ምክንያቱ የላዩ ውሃ ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ከአፈሩ የሟሟ የዕፅዋት ብስባሽ ይዞ ይወርዳል፤ ያ ለባክቴሪያ ምግብ ነው። ባክቴሪያዎቹ ምግቡን ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፤ ኦክስጅኑ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ብረትና ወደ ሰልፌት (ድኝና ኦክስጅን የተዋሐዱበት፣ በውሃ የሚሟሟ) ይዞራሉ። ዋሻው ብዙ ውሃ በሳበ ቁጥር ምግቡም ስለሚበዛ፣ ፍሰቱ ሲጨምር የኦክስጅን መብላቱም አብሮ ጨመረ። በኋላ እዚያው 380 ሜትር ገደማ ላይ በተደረገ ሌላ ሙከራ ኦክስጅን የሟሟበት ውሃ ሆን ተብሎ ስንጥቅ ውስጥ ሲገባ በቀናት ውስጥ ተበልቶ አልቋል።

ባክቴሪያ ባይኖርስ? ፓይራይት ብቻውን ምን ያህል እንደሚሠራ ማስላት ይቻላል። በአየር የጠገበ አንድ ሊትር ውሃ 10 ሚሊግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ያንን ለመጨረስ 10 ሚሊግራም ፓይራይት ይበቃል፤ ከዚያም 16 ሚሊግራም ሰልፌትና አሲድ ይወጣል። አሲዱን የሚያረግብ ነገር ባይኖር የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲድነቱ ይበዛል) ወደ 3.5 ይወርድ ነበር። ስንጥቁ ላይ ያለ 33 ሚሊግራም ያህል ካልሳይት ግን ሟሙቶ ያረግበዋል። ትልቅ ጉዳት የሚመጣው ካልሳይት በሌለበትና ፓይራይት በበዛበት ዓለት ነው፤ ብዙ የማዕድን ማውጫዎች ወንዝ የሚያበላሹትም በዚህ መንገድ ነው። ተራ ግራናይት ግን ፓይራይቱ ጥቂት ነው።

ግድግዳው ላይ የሚታየው ቡናማ ዝቃጭ ታዲያ ምንድን ነው?

ዓለቱ ውስጥ ኦክስጅን ባይገባም ውሃው ወደ ዋሻው ሲወጣ አየር ያገኘዋል። ውሃው ከስንጥቁ ሲወጣ ብርጭቆ የመሰለ የጠራ ነው፤ ሁለት ሦስት ሜትር ወርዶ ቦዩ ውስጥ ሲደርስ ብርቱካናማና ቡናማ፣ እጅ ላይ የሚልግግ ዝቃጭ ይሆናል። የሟሟው ብረት በአየሩ ዝጎ ረግቷል። በኤስፖ ይህን ሥራ ከሚያፋጥኑት አንዱ ጋሊዮኔላ የሚባል ባክቴሪያ ነው፤ ብረት ሲዝግ በሚገኘው ጉልበት ይኖራል፣ በማይክሮስኮፕ ሲታይ የተጠማዘዘ ክር የመሰለ ግንድ ይሠራል። አገር ቤት ከጥልቅ ጉድጓድ ንጹህ ሆኖ ተቀድቶ ባልዲው ውስጥ ሲያድር ቡናማ የሚሆን ውሃ ያየ ሰው ያንኑ ነገር አይቷል።

ነጩ ቅርፊት ደግሞ ካልሳይት ነው። ውሃው ግፊቱ ሲቀንስ የሟሟውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፣ ፒኤቹ ከፍ ይላል፣ ካልሳይትም ይረጋል። ዝገቱና ካልሳይቱ አንድ ላይ የውሃ መውረጃ ቱቦዎችን ይደፍናሉ፤ ስለዚህ ቱቦው ከመጀመሪያው በብሩሽ ወይም በግፊት ውሃ እንዲጠረግ ተደርጎ ካልተዘረጋ በኋላ ግድግዳ ማፍረስ ይመጣል።

እዚህ ላይ የቁፋሮው ዘዴም ይገባል። በፈንጂ ሲቆፈር በግድግዳው ላይ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ወለሉ ላይ እስከ 80 ሴንቲ ሜትር ድረስ አዳዲስ ስንጥቅ ይፈጠራል፤ በኤስፖ የመጨረሻው 400 ሜትር ገደማ በ5 ሜትር ስፋት የዋሻ መቆፈሪያ ማሽን ሲቆፈር ግን ጉዳቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሆነ። የተጎዳው ዓለት በዋሻው ርዝመት ሙሉ የውሃና የአየር መንገድ ስለሚሆን ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ማሽኑ ግን ውድ ነው፣ መታጠፊያም ያስቸግረዋል።

ቆፋሪዎቹ ራሳቸውስ ምን ይጨምራሉ?

ሲሚንቶ ከሁሉ ይበዛል። ውሃ የሚያፈሰውን ስንጥቅ ለመድፈን ሲሚንቶ በግፊት ይገባል፣ ግድግዳው ላይም ኮንክሪት ይረጫል። የተራ ሲሚንቶ ውሃ ፒኤቹ ከ12 በላይ ነው፤ የጥልቅ ግራናይት ውሃ ግን ከ7 እስከ 9 ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ልዩነት ያለው ውሃ ቤንቶናይቱን ቀስ በቀስ ይለውጠዋል፣ የማበጥ ኃይሉን ይቀንሳል። ስለዚህ ከነዳጁ አጠገብ ጥቅም ላይ የሚውለው ሲሚንቶ ደቃቅ ሲሊካ ተቀላቅሎበት ፒኤቹ ከ11 በታች እንዲሆን ይደረጋል። በጣም ቀጭን ስንጥቅ ሲሆን የሲሚንቶ ቅንጣት አይገባም፤ በምትኩ ውሃ ውስጥ የተበተነ ደቃቅ ሲሊካ ከጨው ጋር ተቀላቅሎ ይገባል፣ በደቂቃዎች ውስጥም ይረጋል። የጨው መጠኑ ከተሳሳተ ግን ወይ ፓምፑ ውስጥ ይረጋል ወይም ከነጭራሹ ሳይረጋ ታጥቦ ይወጣል።

ከዚያ ፈንጂ ይቀጥላል። የተለመደው ፈንጂ 94 በመቶ አሞኒየም ናይትሬትና 6 በመቶ ናፍጣ ነው። አሞኒየም ናይትሬት በውሃ ቶሎ ይሟሟል፤ ሳይፈነዳ የቀረው፣ ሲሞላ የፈሰሰውም ወደ ውሃው ይገባል። ናይትሬትና አሞኒየም በዋሻ ውሃ ውስጥ ከፍ ብሎ ከታየ ብዙ ጊዜ ከዓለቱ ሳይሆን ከፈንጂው ነው። እርጥብ ዋሻ ውስጥ ውሃ የማይገባው የኢመልሽን ፈንጂ መጠቀም ብክነቱን ይቀንሳል። ዘይትና ቅባትም አለ፤ ለባክቴሪያ ምግብ ይሆናል።

የመድፈኛ ኬሚካል አላግባብ ሲመረጥ የሚሆነውን ስዊድን በ1997 አይታለች። በሃላንድሶስ የባቡር ዋሻ ውሃ አልቆም ሲል ሮካ-ጊል የተባለ መድፈኛ ስንጥቆቹ ውስጥ ገባ። ኬሚካሉ ሙሉ በሙሉ ሳይረጋ መርዛማው አክሪላማይድ ከውሃው ጋር ወጣ፤ በታች ባለው ጅረት ዓሦች ሞቱ፣ የጠጡ ላሞች ታመሙ፣ ሥራውም ቆመ። ዋሻው የተመረቀው በ2015 ነው። ዓለቱ ግራናይት ሳይሆን በአብዛኛው ዘመዱ ናይስ ነው፤ ውሃው ግን የሚሄደው በዚያው በስንጥቅ ነው። ብዙ ውሃ በሚፈስበት ቦታ የሚገባ መድፈኛ ሳይረጋ እየቀጠነ ስለሚወጣ ነው ጥፋቱ የደረሰው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ማንም ምንም ሳይጨምር የሚወጣው ውሃ ራሱ ችግር ነው። የሚዙናሚ ውሃ ከግራናይቱ ያገኘው ፍሎራይድና ቦሮን ከጃፓን የአካባቢ ደረጃ በላይ ስለነበር ወደ ወንዝ ከመለቀቁ በፊት መጣራት ነበረበት። የስምጥ ሸለቆ ሰው ፍሎራይድን በጥርሱ ያውቀዋል፤ የእኛው ከእሳተ ገሞራ ዓለት የሚመጣ ነው፣ ግራናይትም ግን በሚካውና ፍሎራይት በሚባል ማዕድኑ ውስጥ ይይዘዋል።

የትኛው ለውጥ ነው በእርግጥ የሚያሰጋው?

ከኦክስጅን ይልቅ ሰልፋይድ። ኦክስጅን በሌለበት መዳብን የሚበላው ዋናው ነገር እሱ ነው፤ የበሰበሰ እንቁላል የሚሸተው ጋዝ ውሃ ውስጥ ሲሟሟ የሚገኝ ነው። የሚሠሩት ሰልፌትን የሚተነፍሱ ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ለዚህ ሰልፌትም ምግብም ያስፈልጋቸዋል። በኦልኪሉኦቶ ሰልፌቱ በ100 እና በ300 ሜትር መካከል ባለው የጥንት ባሕር ውሃ ውስጥ ነው፤ ከ300 ሜትር በታች ደግሞ ለባክቴሪያ ምግብ የሚሆነው ሚቴን የተባለ ጋዝ የበዛበት ውሃ አለ። ሁለቱ በየቦታቸው ሲቆዩ ብዙ ሰልፋይድ አይሠራም። ዋሻ ወይም ክፍት የተተወ የቁፋሮ ጉድጓድ ሲያገናኛቸው ግን ባክቴሪያዎቹ ሁለቱንም ያገኛሉ፣ ሰልፋይዱም ይነሳል። ስለዚህ እዚያ ውሃ የሚያሳልፉ ቀጠናዎችን ቶሎ መድፈንና አሮጌ ጉድጓዶችን ማሸግ የኬሚስትሪ ሥራ ነው፤ ዋሻው እንዳይረጥብ ብቻ አይደለም የሚደረገው።

ጨዋማነትም በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስባል። በጣም ጨዋማ ውሃ ቤንቶናይቱን በሚፈለገው መጠን እንዳያብጥ ያደርገዋል። ጨው በጣም ያነሰው ውሃ ደግሞ፣ በተለይ ካልሲየም ሲያንሰው፣ ሸክላውን እንደ ደመና በትኖ በስንጥቅ ይወስደዋል። የበረዶ ዘመን ተመልሶ መጥቶ ጨው አልባ ቅላጭ ውሃ ወደ ታች ቢገፋ ምን ይሆናል የሚለው ስሌት ውስጥ የገባው በዚህ ምክንያት ነው። ወደ ታች የሚወርደው የዝናብ ውሃም በትንሹ ያንኑ ያደርጋል፤ ልዩነቱ ዋሻው ሲዘጋ ይቆማል።

ይህ ሁሉ እንዴት ይለካል? ምንስ ያሳስታል?

ከቁፋሮው ውሃ ይጀመራል። ጉድጓድ ሲሰረሰር ውሃ ይገባል፤ ያ ውሃ ናሙናውን ያበላሻል። ስለዚህ ዩራኒን የሚባል አረንጓዴ የሚያበራ ቀለም በሊትር 0.2 ሚሊግራም ገደማ ይጨመርበታል። በኋላ ናሙናው ውስጥ ያለው ቀለም ሲለካ የቀረው የቁፋሮ ውሃ መጠን ይታወቃል። ከ1 በመቶ በታች ከሆነ ጥሩ ነው፤ ከበለጠ ማውጣቱ ይቀጥላል።

ቀጥሎ የሚፈለገው ስንጥቅ ከላይና ከታች በፓከር፣ ማለትም በግፊት በሚነፋ የጎማ ማሸጊያ ይዘጋል። አለበለዚያ የሚቀዳው የጉድጓዱ ሁሉ ድብልቅ ነው። በተዘጋው ክፍል ውስጥ የቆመው ውሃም የስንጥቁ ውሃ አይደለም። 76 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ 10 ሜትሩ 45 ሊትር ገደማ ይይዛል፤ ቢያንስ አምስት እጥፉ፣ 225 ሊትር፣ ሲወጣ ነው ናሙና የሚወሰደው። ስንጥቁ በደቂቃ 100 ሚሊ ሊትር ብቻ የሚሰጥ ከሆነ ይህ 38 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። የቸኮለ ሰው እዚህ ላይ ይስታል። በተለይ ሰልፋይድ ላይ፦ ወራት ተዘግቶ በቆየ ክፍል ውስጥ የብረትና የአሉሚኒየም ዘንጎች ሲዝጉ ሃይድሮጅን ይሰጣሉ፣ ከፕላስቲክ ቱቦውም ለባክቴሪያ ምግብ ይወጣል፣ የመጀመሪያዎቹ ሊትሮች ሰልፋይድ ከፍ ብሎ ይገኛል። ፓምፑ ሲቀጥል ይወርዳል። የመጀመሪያውን ብቻ የለካ ሰው መሣሪያውን እንጂ ዓለቱን አልለካም።

ፒኤች፣ ሬዶክስና ኦክስጅን ውሃው አየር ሳያገኝ በሚያልፍበት ዝግ ዕቃ ውስጥ እዚያው ይለካሉ፤ ጠርሙስ ውስጥ ወደ ላብራቶሪ የተላከ ሬዶክስ ትርጉም የለውም። ኤሌክትሮዶቹ ሦስት ናቸው፦ ወርቅ፣ ፕላቲነምና የመስታወት ካርቦን። ሦስቱ በ50 ሚሊቮልት ውስጥ እስኪስማሙና እስኪረጉ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይጠበቃል። አንዱ ብቻውን ከሄደ ብዙ ጊዜ ቆሽሿል ወይም አየር ገብቷል።

የብረታ ብረት ናሙና ከ0.45 ማይክሮን በማይበልጥ ማጣሪያ ካለፈ በኋላ ነው ናይትሪክ አሲድ የሚጨመርበት። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አሲዱ የተንሳፈፈውን የድንጋይ ብናኝ ያሟሟዋል፣ ብረቱና አሉሚኒየሙም ያለ ቅጥ ከፍ ይላሉ። ለሰልፋይድ ዚንክ አሲቴትና ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በቅድሚያ ጠርሙሱ ውስጥ ይደረጋል፤ አለበለዚያ ጋዙ ይተናል። ለባይካርቦኔት ጠርሙሱ አረፋ ሳይቀርበት እስከ አፉ ይሞላል፣ በዚያው ቀን ይለካል። ውጤቱ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታየው የኤሌክትሪክ ሚዛኑ ነው፤ የአዎንታዊና የአሉታዊ አዮኖች ድምር ከ5 በመቶ በላይ ከተለያየ አንድ ቁጥር ተሳስቷል፣ ወይም አንድ ነገር አልተለካም።

ዋሻው ሲዘጋ ውሃው ወደ ነበረበት ይመለሳል?

ግፊቱ ቶሎ ይመለሳል፤ ኬሚስትሪው ይዘገያል። ሚዙናሚ ላይ 500 ሜትር ጥልቀት ያለ አንድ የዋሻ ክፍል ተዘግቶ በውሃ እንዲሞላ ተደርጎ ነበር። የታሰረው ኦክስጅን በባክቴሪያዎች ተበላ፣ ሬዶክሱ ከዜሮ በታች ወረደ። ፒኤቹ ግን ከግድግዳው ኮንክሪት የተነሳ ከዓለቱ ውሃ በላይ ሆኖ ቀረ። ኦክስጅን በወራት ይጠፋል፤ የሲሚንቶ ዱካ ግን ሲሚንቶው እስከሚሟሟ ድረስ አብሮ ይኖራል።

ድብልቁ ደግሞ ከሁሉ ይዘገያል። ከላይ የወረደው ውሃ ወደ ላይ የሚመልሰው ኃይል የለም፤ ሽቅብ የተሳበው ጨዋማ ውሃ ከባድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይሰምጣል፣ በዓለቱ ጥቃቅን ክፍተት ውስጥ ሰርጎ የገባው ጨው ደግሞ የሚወጣው በዝግታ በመሰራጨት ብቻ ነው። የፎርስማርክ ሥራ በክፍል በክፍል የታቀደውም ለዚህ ይመቻል። አንዱ ዋሻ ሲቆፈር ሌላው እየተሞላና እየታሸገ ስለሚሄድ፣ እያንዳንዱ ክፍል ክፍት ሆኖ ውሃ የሚስብበት ጊዜ ያጥራል፤ በዙሪያው ያሉት የክትትል ጉድጓዶችም በፓከር እንደተከፋፈሉ ግፊታቸውና ክሎራይዳቸው ማከማቻው በዚህ ክፍለ ዘመን መገባደጃ እስኪዘጋ ድረስ እየተለካ ይቀጥላል።